ፋንታነሽ ውኃ የከለከለችበት ቀን

ፋንታነሽ አካለ ወልድ ካለች አለች ነው። ይህን ለማወቅ አብሯት አንድ ሳምንት መሥራት ይበቃል፤ እኔ ዓመታት ሠርቻለሁ። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም፣ ሞጣ ከተማ ዳር በነበረች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ እሷ ነርስ፣ እኔ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ነበርን። እንድሪስ እባላለሁ። ከኮምቦልቻ ተመድቤ የመጣሁ እስላም ነኝ። የዓባይን ድልድይ ስሻገር ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ለእናቴ ቃል ገብቼ ነበር። አልተመለስኩም፤ ካስቀሩኝ ነገሮች አንዷ ይህች ሴት ናት። በፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ከእሷ ጋር ሳልጨቃጨቅ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ቁመቷ አጭር፣ እርምጃዋ ፈጣን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። ስትቆጣ ድምጿ ጭራሽ ይጠፋል፤ ሰው መጠንቀቅ ያለበት ያኔ ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ሥራውን የሚያውቅ፣ ለበሽተኛ የሚያዝን ሰው ነበር። እሱ እንኳ ፋንታነሽ ድምጿን ስትቀንስ መነጽሩን አውልቆ መወልወል ይጀምራል።

የተወለደችው ቢቸና ነው። አባቷ መምህር አካለ ወልድ ቅኔ ያስተምሩ ነበር፤ ልጃቸውን ከተማሪዎቹ ኋላ አስቀምጠው ዳዊት አስተምረዋታል። ከዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባች፣ ከዚያም ለነርስነት አዲስ አበባ ሄደች። እዚያ ተማሪ ሳለች እናቷ ታመው መጡና ሆስፒታል ተኙ። የነፍስ አባታቸው ይህን ሰምተው ከቢቸና ድረስ በጭነት መኪና ተንገላተው መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል፣ ነገ ይምጡ ተባሉ። በማግሥቱ ሲመጡ አልጋው ባዶ ነበር።

ይህን የነገረችኝ አንዴ ብቻ ነው፤ ፋሻ እየጠቀለልን ሳለ።

«ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም» አለችኝ። «ጠይቅ ያለው የለም፣ አልጠየቀም። እናቴ ግን የልቧን ለማንም ሳትናገር ሄደች። እኔ ካለሁበት በር የነፍስ አባት አይመለስም ብዬ የማልኩት ያን ቀን ነው።»

መሐላዋን የምትጠብቀው በጥያቄ ነበር። አዲስ በሽተኛ ሲመጣ ሁላችንም የት እንደሚያመው እንጠይቃለን፤ እሷ ግን ይህ ካለቀ በኋላ ወንበር ስባ አጠገቡ ትቀመጥና «የሰውነትዎን ነገሩኝ፤ የልብዎንስ?» ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኝ ነበር፤ ከውጭ ይህ ሁሉ ሰው ተሰልፎ እሷ ወንበር ስባ ትጫወታለች እያልኩ አሽሟጥጣታለሁ። ሰዉ ግን ይመልስላታል። አንዱ ከወንድሙ ጋር በድንበር ተጣልቶ ሳይታረቅ መሞቱን ይፈራል፤ ወንድሙን ታስጠራዋለች። አንዷ ልጇን ክርስትና ሳታስነሳ መታመሟ ያሳስባታል፤ ቄስ ታስጠራላታለች። የሞጣ እስላም ነጋዴ የተኛ ጊዜ ደግሞ እኔን ጠርታ «ቂብላ ወዴት ነው?» አለችኝና አልጋውን አብረን አዞርነው። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ መጥቶ አልጋው ከረድፉ መውጣቱን ሲናገር «ረድፉ አልታመመም» አለችው፤ ያውም ድምጿን ቀንሳ። መነጽሩን ወለወለ። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ማሽሟጠጤን ተውኩ።

ደምለው የመጣው በዐቢይ ጾም፣ ሁዳዴው ከገባ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ነው። ከግንደወይን በኩል ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት፤ ባለቤቱ ይርጋነሽ ስንቋን አዝላ ከኋላ ትከተላለች። ድሮ ወፍራም ገበሬ እንደነበረ ከአጥንቱ ስፋት ያስታውቃል፤ አሁን ቆዳው ብቻ ቀርቶ ነበር። ከዚያ በፊት ትልቅ ሆስፒታል ተኝቶ ሆዱን ከፍተው አይተው መልሰው ሰፍተውታል። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ መረመረውና እኔንና ፋንታነሽን ወደ ጓሮ ወሰደን።

«የጨጓራው መውጫ በዕጢ ታፍኗል» አለ። «የሚበላው አያልፍም፤ ጠዋት የዋጠውን ማታ ይመልሰዋል። ሥቃዩን እናቅልልለት እንጂ የምናድነው አይደለም።»

ፋንታነሽ ተመልሳ ወንበሯን ሳበች። «አያ ደምለው፣ የሰውነትዎን ሰማሁ፤ የልብዎንስ?»

ሰውየው ባለቤቱን አየ፤ ባለቤቱ መሬት መሬት አየች።

«መቁረብ ነበር» አለ። «እኔና እሷ። አሁንማ ቀረ።»

ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አለብኝ፤ ለእኔም ሌሎች ናቸው ያስረዱኝ። በዚያ አገር ብዙ ባልና ሚስት በሰማንያ ተጋብተው ይኖሩና ልጅ ወልደው፣ ልጅ ድረው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ሲል ንስሐ ገብተው አብረው ይቆርባሉ። ከዚያ ወዲያ መፋታት የለም። ትዳሩ በእግዜር ፊት የሚታሰረው ያን ጊዜ ነው ይላሉ። ደምለውና ይርጋነሽ የመጨረሻ ልጃቸውን ድረው በዓመቱ ሊቆርቡ ተቃጥረው ነበር። ልጅቱ ተዳረች፤ እሱ ግን ያስመልሰው ጀመር። የተቀበለውን ሥጋ ወደሙ የሚመልስ ሰው ደግሞ አይቆርብም። የአገሩ ቄስ ይህን ነግረውት አልቅሰው ሄዱ።

እኔ ይህን ስሰማ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ፋንታነሽ ግን የጠየቀችው ሌላ ነው።

«ካስመለስዎት በኋላ ለስንት ጊዜ ነው ሆድዎ ጸጥ የሚለው?»

በማግሥቱ ከጤና ጣቢያው በላይ ወዳለችው ኪዳነ ምሕረት ወጣች፤ እኔንም አስከተለችኝ። መምሬ ገብረ ክርስቶስ ከቅጥሩ በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሸምገል ያሉ፣ ነገር ካላኘኩ መልስ የማይሰጡ ቄስ ናቸው። ፋንታነሽ ጉዳዩን ከስር እስከ ጫፍ ነገረቻቸው።

«ልጄ፣ የሚያስመልሰውን አላቆርብም» አሉ። «ሰውየውን ጠልቼ አይደለም። ቢመልሰው ለእሱም ለእኔም ዕዳ ነው።»

«ባያስመልሰውስ?»

«ባያስመልሰው ንስሐውን እሰማለሁ። ከዋዜማው ጀምሮ እህል ውኃ በአፉ አይግባ። በመርፌም በምንም ከገላው ደም የሚወጣ ከሆነ ቤተ መቅደስ አይገባም። አስቀድመሽ ደግሞ ጸበል አጠጪው፤ የጠጣውን ጸበል ሳይመልስ ከዋለ ከአደረ አምናለሁ።»

«ይህን ሁሉ ካደረግኩ አይመልሱኝም?»

«ካደረግሽማ እኔ ማን ነኝ?» አሉ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ እየሮጠች ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት በሥራ ፈጀናቸው። በአፍንጫው ቀጭን ጎማ አስገብታ ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመውን በስሪንጋ እየሳበች ታወጣለች፣ በለብ ያለ ውኃ ታጥባለች፣ ማስታወክ የሚያግድ መርፌ ትወጋዋለች፣ በክንዱ ግሉኮስ ትሰቅልለታለች። ሆዱ ባዶ ሲሆን ሰውየው ፊቱ ይፈታል፤ ከባለቤቱ ጋር ያወራል፣ ስለ በሬዎቹ ይጠይቃል። መጀመሪያ ያጠጣችውን ጸበል መለሰው። በሁለተኛውም መለሰው። ይርጋነሽ ተስፋ ቆረጠች፤ እኔም ቆርጬ ነበር። ፋንታነሽ የመርፌውን ሰዓት ቀየረች፣ አልጋውን በራስጌው በኩል በድንጋይ አስደግፋ ከፍ አደረገች፣ ጸበሉን በሻይ ማንኪያ ማጠጣት ጀመረች። ሰኞ የጠጣው ጸበል ማክሰኞም ሆዱ ውስጥ ነበር።

መምሬ መጥተው ንስሐውን ሰሙ፤ የይርጋነሽንም ሰሙ። ቁርባኑ ለረቡዕ ተቆረጠ። በጾም የቅዳሴው ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው፣ የሚወጡትም ዘጠኝ ሰዓት ግድም። የመርፌው ቀዳዳ እንዲደርቅ ግሉኮሱን ማክሰኞ ከሰዓት ነቀለችው፤ ከማታ ጀምሮም በአፉ ምንም አልገባም። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ጠራት።

«መንገድ ላይ ቢሞት ማን ነው ተጠያቂው?» አላት።

«እኔ ነኝ» አለችው።

«የጤና ጣቢያውን ቃሬዛ ይውሰዱ፤ ካመጡት የሚሻለው እሱ ነው» አለ።

ረቡዕ ጠዋት ፋንታነሽ እንደ ሁልጊዜው ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ዞረች። አንሶላ ታነጥፋለች፣ ሰው ታገላብጣለች፣ አፋቸው የደረቀባቸውን በሽተኞች በውኃ በተነከረ ፋሻ ከንፈራቸውን ታረጥባለች። ይህን ሥራ ስንት ሺህ ጊዜ ሠርታዋለች፤ እጇ ራሱ ያውቀዋል። ደምለው አልጋ ዘንድ ስትደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እጇ ፋሻውን ነከረና ከንፈሩን አበሰ። ከንፈሩ ፋሻውን ያዝ አድርጎ መጠጥ አደረገው። እሷ ወደሚቀጥለው አልጋ አልፋ ፋሻውን ሳህን ላይ ስትጥል ነው ያደረገችው የታወቃት። ማንም አላያትም። ይርጋነሽ ነጠላዋን ልታጥብ ወጥታ ነበር፤ እኔ መድኃኒት ክፍል ነበርኩ።

ይህን ሁሉ በኋላ ነው የነገረችኝ። እኔ በሰዓቱ ያየሁት ፊቷ አመድ መምሰሉን ነው፤ በድካም መሰለኝ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጎረቤቶቹና እኔ ቃሬዛውን አነሳን። ይርጋነሽ ያጠበችውን ነጠላ ለብሳለች፣ ደምለው በነጭ ጋቢ ተጠቅልሏል። 

መምሬ ከቅጥሩ በር ላይ ጠበቁን። ቃሬዛውን መሬት አስቀመጥን። መምሬ ቀና ብለው ፋንታነሽን «ሁሉ እንደተባባልነው ነው?» አሏት።

«አይደለም» አለች። «ጠዋት ሳላስበው ከንፈራቸውን በውኃ አራስኩት። ወደ ውስጥ ገብቷል።»

ከውስጥ የቅዳሴው ዜማ ይሰማል። ይርጋነሽ የጮኸች መሰለኝ፤ ግን ድምጿ የሚያንሾካሽክ ነበር።

«ምነው ዝም ብትይ? ማን አየሽ? ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ቀን የለፋሽ?»

መምሬ ተቀመጡና ወደ ደምለው ዝቅ አሉ። «ተኝተው ነበር ወይስ አውቀዋል?»

ደምለው ዓይኑን ገለጠ። «አውቄያለሁ» አለ። «ነቅቼ ነበር። ፋሻውን መጠጥኩት። ነገን የማገኝ ስላልመሰለኝ ዝም አልኩ።» ቆየት ብሎ ደግሞ «ሰርቄ ልገባ ነበር፤ ደግ አደረገች» አለ።

ይርጋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ባሏ የልቡን እንደደበቃት ስትሰማ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

ሌላ ቄስ ቢሆን ለሚሞት ሰው ይህን ያልፍለት እንደሆነ እንጃ፤ እኔ የማላውቀው ነገር ነው። እሳቸው ግን የደምለውን እጅ ይዘው «ንስሐ ገብተው በውሸት እንዲጀምሩት አልፈልግም። ነገ አለ። ነገ አምጧቸው፤ እዚሁ በር ላይ እጠብቃለሁ» አሉ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ይርጋነሽ ከፋንታነሽ ርቃ ሄደች። እኔም ተናድጄ ነበር። በልቤ ስለ አንድ ጠብታ ውኃ ይህ ሁሉ ምንድን ነው እላለሁ።

እንደገባን ፋንታነሽ ግሉኮስ ልትሰቅልለት ሞከረች፤ ደም ሥሩ ጠፍቷል። እኔም ሞከርኩ፣ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስም ሞከረ። ከዚህ በላይ ብንወጋው ቀዳዳው እስከ ነገ ላይደርቅ ነው። ፋንታነሽ መርፌውን ነጥቃ አስቀመጠችው። እስከ ማታ በማንኪያ ያጠጣችው ውኃ ጥቂት ነው፤ የሚበዛውን ሆዱ አልተቀበለም፣ በጎማው መልሳ አወጣችው። ፀሐይ ልትገባ ስትል ደምለው ሁለቱንም ጠራቸው፣ ሚስቱንና ፋንታነሽን።

«ነገ ልቤ አብሮኝ ላይውል ይችላል» አለ። «ውኃ ብዬ ባለቅስ፣ እግርሽን ብስም እንዳትሰጭኝ። ይርጋነሽ፣ አንችም ስሚ።»

ይርጋነሽ ራሷን ነቀነቀች። ፋንታነሽ «እሺ» አለች።

ሐሙስ ጠዋት ስገባ ድምፁን ከበር ሰማሁት። ውኃ፣ ውኃ ይላል። ምላሱ ከላንቃው ስለተጣበቀ ቃሉ ሙሉ አይወጣም። ፋንታነሽ አጠገቡ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ጭኖቿ ስር አድርጋለች። ያ እጅ ዛሬም ሳያስበው እንዳያረጥበው ስለፈራች እንደሆነ ገባኝ። ታራግብለት ዘንድ ለይርጋነሽ ሰሌን ሰጥታታለች፤ ሌላ ልታደርግለት የምትችለው ነገር የለም። የሌሎቹን በሽተኞች ሥራ ሁሉ እኔ ሠራሁ። በዚያች ክፍል ውስጥ ሌላውን ሰው ውኃ ማጠጣት እንኳ አሳፈረኝ፤ ደምለው የኩባያውን ድምፅ ሲሰማ አንገቱን ያዞራል።

አራት ሰዓት ግድም ማልቀስ ጀመረ። እናቱን ይጠራል፤ እናቱ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው ነው። «እማዬ፣ ከእንስራው ቅጅልኝ» ይላል። ይርጋነሽ ሰሌኑን ጣለችና ከጠረጴዛው ላይ ኩባያ አነሳች። ፋንታነሽ ተነስታ ክንዷን ያዘች።

«ልቀቂኝ» አለች ይርጋነሽ። «ባሌ ነው። በጥም አላስገድለውም። ቁርባኑ ይቅር።»

«እትዬ፣ ትናንት ሰምተዋል።»

«ትናንት ትናንት ነው። ዛሬ ውኃ እያለ ነው።»

እኔም መካከላቸው ገባሁ። «ሲስተር፣ ልክ ናቸው» አልኩ። «በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው ጾም የለበትም። እግዜር ያቀለለውን አንቺ ለምን ታከብጃለሽ? አንቺ ነርስ ነሽ፤ የተጠማ ሰው ሲለምንሽ ውኃ ትሰጫለሽ እንጂ ሌላ ምን ሥራ አለሽ?»

ድምጿ ጠፋ። ጠጋ ብዬ ነው የሰማኋት።

«እንድሪስ፣ አንተ በሞት አፋፍ ላይ ብትሆን ቂብላ አዙረኝ ብለህ አደራ ብትለኝ፣ በኋላ በትኩሳት ስትቃዥ ተይኝ ብትል አልተውህም። አደራ የተቀበልኩት ከሙሉ ሰው ነው። ያን ሰው እኔ ካልጠበቅኩለት ዛሬ ማን ይጠብቅለታል?»

«ብትሳሳቺስ?»

«ብሳሳት ኀጢአቱ የእኔ ነው» አለች። ግን እርግጠኛ አልነበረችም፤ ይህን ሰው ሁሉ እንዲያውቅላት እፈልጋለሁ።

ከዚያ አንድ ነገር አደረገች። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ፊቷን ወደ ፊቱ አስጠጋችና ጉንጩን በመዳፏ ደገፈችው። ዓይኑ እየተንከራተተ ቆይቶ እሷ ላይ አረፈ።

«አያ ደምለው፣ እኔ ፋንታነሽ ነኝ። አውቀውኛል?»

ራሱን በትንሹ ነቀነቀ።

«ውኃው እዚህ አለ። አሁን ብሰጥዎ ቁርባኑ ቀረ ማለት ነው። ማንም አይፈርድብዎትም። ስጪኝ ይበሉኝና ልስጥዎ። ወይስ ልጠብቅ?»

ኩባያው በይርጋነሽ እጅ ነው። ደምለው ኩባያውን አየ፣ ሚስቱን አየ። ከዚያ ወደ ፋንታነሽ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ያለው ሰው የትናንትናው ደምለው እንደነበረ እኔም ምስክር ነኝ።

«አትጠይቂኝ» አለ።

ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስጪኝ አላለም፣ ጠብቂም አላለም። ምርጫውን ትናንት ጨርሶ ነበር፤ ዳግመኛ ለመምረጥ አቅም አልነበረውም። ፋንታነሽ ግንባሯን አልጋው ጠርዝ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ይርጋነሽ ኩባያውን ወደ ጠረጴዛው መለሰች፣ መሬት ቁጭ አለችና የባሏን እግር አቀፈች። ከዚያ በኋላ ደምለው አልጮኸም፤ አልፎ አልፎ ብቻ ይቃትታል። ፋንታነሽ ሌላ ኩባያ ወስዳ አፍልታ ያቀዘቀዘችውን ውኃ ሞላችና በንጹሕ ፋሻ ሸፍና በራስጌው አስቀመጠች። ስንመለስ በትንሽ በትንሹ ልታጠጣው ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ቃሬዛውን አነሳን። መምሬ በቃላቸው ከበሩ ላይ ቆመው ነበር። ፋንታነሽን ጠየቋት፤ «ዛሬ ሁሉ እንደተባባልነው ነው» አለች። መምሬ ደምለውንም ጠየቁት፤ ዓይኑን ጨፍኖ በመግለጥ አዎ አለ። እኔ የቃሬዛውን እጀታ ለሌላ ሰው ለቅቄ ከቅጥሩ ውጭ ጥድ ስር ተቀመጥኩ። በገዛ ሃይማኖቴ ለዚያ ሰው ጸለይኩለት፤ ጸሎቴም ሆዱን ዝም እንዲያሰኝለት ብቻ ነበር።

ውስጥ የሆነውን ፋንታነሽ ነገረችኝ። ደምለው ቃሬዛው ላይ ቀና ተደርጎ ተቀበለ፤ ይርጋነሽ ከእሱ ቀጥላ ተቀበለች። ዲያቆኑ የቅዳሴ ጸበል በእፍኙ አጠጣው። ዋጠው። ከዚያም አቅም የለውም ብለው ነጠላ ሊይዙለት ሲሉ የገዛ እጁን አነሳና እንደ ቆራቢ ሁሉ አፉን ሸፈነ። አልመለሰውም።

ሲወጡ ፊቱን አየሁት። ደስታ ነው ብዬ አላጋንንም፤ ሥራውን የጨረሰ ሰው ፊት ነበር። እጁ አሁንም አፉ ላይ ነው። ይርጋነሽ ከቃሬዛው ጎን ተጠግታ ትሄዳለች፣ ፋንታነሽ ደግሞ በሌላው ጎን። ቁልቁለቱን ጨርሰን ወደ ጤና ጣቢያው ስንታጠፍ ፋንታነሽ ዝቅ ብላ «ደርሰናል፤ ውኃው ተዘጋጅቷል» አለችው። መልስ አልሰጠም። ቃሬዛውን ከደጃፉ ስናስቀምጥ የእጁን አንጓ ይዛ ብዙ ቆየች።

«ሲስተር» አልኳት።

እጁን ደረቱ ላይ አስቀመጠችና ተነሳች። ወደ ውስጥ ገባች፤ ተከትያት ስገባ በራስጌው በኩል፣ በፋሻ የተሸፈነው ኩባያ ፊት ቆማ ታለቅሳለች። ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። አላባበልኳትም፤ ምን ብዬ አባብላታለሁ? እኔም አለቀስኩ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ በሩ ላይ መጥቶ አየንና ተመለሰ።

ይርጋነሽ አስከሬኑን ይዛ ወደ አገሯ ስትሄድ ሁላችንንም ተሰናበተች፤ ፋንታነሽን ግን አልፋት ሄደች። ፋንታነሽ ያን ቀን ሥራዋን አላቋረጠችም። በማግሥቱም አዲስ በሽተኛ ሲመጣ ወንበሯን ስባ ያችን ጥያቄ ጠየቀች። ድምጿ ግን ለብዙ ቀን ደከም ያለ ነበር፤ እኔም ለብዙ ቀን አልተጨቃጨቅኳትም።

ከፋሲካ በኋላ፣ ለደምለው አርባው ወጥቶ ሲያበቃ፣ ይርጋነሽ ጥቁር ለብሳ መጣች። የታመመች መስሎኝ ተነሳሁ። እጇን አወናጭፋ «ደህና ነኝ፤ ከእሷ ጋር ነው» አለችኝ። ፋንታነሽ ወንበር ሰጠቻት። አልተቀመጠችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ መጣሁ» አለቻት። «ውኃ ሳትሰጭው በመሞቱ ይቆጭሻል?»

«ይቆጨኛል» አለች ፋንታነሽ። «ኩባያ ባነሳሁ ቁጥር ይቆጨኛል።»

«ዛሬ ቢሆንስ?»

ለማስደሰት ብላ እንዳትዋሽ ፈራሁላት፤ መፍራት አልነበረብኝም።

«ዛሬም አልሰጠውም» አለች።

ይርጋነሽ ነጠላዋን አጣፋች።

«እንግዲያው ቀኔ ሲደርስ የሚያመጡኝ አንች ዘንድ ነው» አለች። «ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ።»